ኮርቹ ላይ ያየኋት ወፍ ሃሚንግበርድ ናት?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ጅማ ነው። ግቢያችን ያለው ኮርች ሲያብብ ምንቃሯ ቆልመም ያለ፣ ላባዋ ፀሐይ ሲመታው የሚያብረቀርቅ ትንሽዬ ወፍ ትመጣለች። ልጄ ቪዲዮ አይቶ ሃሚንግበርድ ናት ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በልጅሽ አይፈረድም፣ በጣም ይመሳሰላሉ። ግን ሃሚንግበርድ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። ያንቺዋ ሰንበርድ ከሚባሉት ወገን ትመስለኛለች። ከነሱ አንዷ ዝርያ እንዲያውም በተከዜ ወንዛችን ስም ነው የምትጠራው፣ ይሄ ሁሌም ደስ ይለኛል። እስቲ ልብ ብለሽ እያት፦ ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጎንበስ እያለች ነው የምትቀስመው። ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይበራል።

ለልጅሽ ደግሞ ይቺን ንገሪልኝ። ከቬንዙዌላ እስከ ቦሊቪያ ባሉት የአንዲስ ተራሮች ደን ውስጥ ምንቃሩ እንደ ጎራዴ የረዘመ ሃሚንግበርድ አለ፤ ጅራቱን ካልቆጠርነው ምንቃሩ ከሰውነቱ ይበልጣል፣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሱ ሌላው ወፍ የማይደርስበትን ጥልቅ አበባ ይቀስማል። ላባውን ማበጠር ሲፈልግ ግን ምንቃሩ ስለማይመቸው በእግሩ ነው የሚያክከው። ሲያርፍም ምንቃሩን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል።

ኮርቹን ደግሞ አደራ፣ እንዳትቆርጡት።