ጥየቃ ሄደን ስንት ደቂቃ እንቀመጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤታችን ኦፕራሲዮን ሆና ደሴ አንድ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የምታስታምማት ልጇ ናት። ቅዳሜ ከሰፈር 8 ሆነን ልንጠይቃት ነው። ምን ይዘን እንሂድ? ቶሎ ውጡ ይባላል፤ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥተን እዚያ ድረስ ሄደን 10 ደቂቃ ተቀምጠን ብንነሳ ነውር አይሆንም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ነውር የለውም እህቴ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። እናቴ ተኝታ ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ። ኦፕራሲዮን በሆነች በማግስቱ አንድ ዘመዳችን መጣና አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። ፍራሹ ሲሰምጥ ስፌቷን ሳባት። ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ "ተጫወት እንጂ" አለችው። እሱም ተጫወተ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። የእኛ አገር ሰው እያመመውም እንግዳን ሂድልኝ አይልም፤ ስለዚህ ራሳችሁ ተነሱ።

ስምንታችሁም ባንዴ እንዳትገቡ። ሁለት ሁለት ሁኑ፣ ሌሎቻችሁ ግቢው ውስጥ ጠብቁ፤ እዚያ ክፍል ሌላም ሕመምተኛ አለ። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉንፋን የያዛት ካለች በስልክ ትጠይቅ። መሳሳሙ ይቅር። ግሉኮስ የተሰካበትን እጇን አትጨብጡት። "ከሳሽ፣ ጠቆርሽ" አይባልም፤ "እከሊትም እንዲሁ ሆና ነው..." ብሎ መጀመርማ ጭራሽ! "አላህ ያሽርሽ፣ እግዜር ይማርሽ፣ አብሽሪ" ካላችሁ በቂ ነው።

ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት ለልጇ ደውሉ። ከኦፕራሲዮን በኋላ መቼ ምን እንደምትቀምስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ካልተፈቀደላት አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልታችሁ ብትወስዱ የሚተርፋት ሽታው ብቻ ነው። ስኳር ካለባት ደግሞ ያ የተለመደው የታሸገ ጁስ አይሆናትም።

እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ለልጅቷ ነው። አስታማሚ ብዙ ጊዜ ወለል ላይ ነው የምትተኛው። እናንተ የኮምቦልቻን ሙቀት ለምዳችኋል፣ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢ ያዙላት። ሶፍት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ እሷ የምትበላው ትኩስ ምግብም። ሐረጎን ወጥታችሁ የሄዳችሁበትን ቀሪ ሰዓት ለሷ ስጧት፦ አንዳችሁ እናቷ ጋ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ እሷ ወጥታ ገላዋን ትታጠብ፣ ትንሽ ጋደም ትበል። እኔን እንዲህ ያደረገችልኝ አንዲት የሰፈራችን ሴት ነበረች። "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ፤ ከበሩ ማዶ ያለች ሻይ ቤት ገብቼ ሻዩ ሳይመጣ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።