ስለ 142857 ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ተራው የ142857 ነው። ይህን ቁጥር ከ2 እስከ 6 ባሉት ብታባዙት ያው ስድስት አሃዞች ቦታ ቀይረው ይመጣሉ፤ ተራቸው ግን አይዛነፍም። የመጣላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እስቲ አሳየን።

መልስ፦ በ2፣ 285714። በ3፣ 428571። በ4፣ 571428። በ5፣ 714285። በ6፣ 857142። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው እየዞራችሁ አንብቡት፤ ሁሌም 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ነው።

ጥያቄ፦ አጋጣሚ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

መልስ፦ አለው። ምክንያቱን የምናገኘው ከአሃዞቹ ሳይሆን ከቀሪዎቹ ነው። ወረቀት ያዙና 1ን ለ7 እናካፍል። 10 ለ7፣ 1 ደርሶ 3 ይቀራል። 30 ለ7፣ 4 ደርሶ 2 ይቀራል። 20፣ 2 ደርሶ 6። 60፣ 8 ደርሶ 4። 40፣ 5 ደርሶ 5። 50፣ 7 ደርሶ 1። 1 ላይ ስለተመለስን ከዚህ ወዲያ ያው ዙር ይደገማል፤ 0.142857142857… እያለ ይቀጥላል። አሁን ቀሪዎቹን እዩ፦ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1። ከ1 እስከ 6 አንድም የጎደለ የለም። ስለዚህ 3ን ለ7 ማካፈል ማለት ይህንኑ ስሌት ቀሪው 3 ከሆነበት ቦታ መጀመር ነው፤ 428571 የመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በ7 ሲባዛስ?

መልስ፦ 999999። ሰባት ሰባተኛ አንድ ነው፤ 0.999999… ደግሞ ከ1 ጋር እኩል ነው። (በዚህ የምትከራከሩኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ጥያቄ፦ ከ7 በላይ ሲሆን ይበላሻል አይደል?

መልስ፦ የተበላሸ ይመስላል እንጂ አይበላሽም። ውጤቱን ከቀኝ በኩል ስድስት ስድስት አሃዝ እየቆረጣችሁ ደምሩት። በ8፣ 1142856 ይመጣል፤ 1 ሲደመር 142856፣ 142857። በ365፣ 52142805 ይመጣል፤ 52 ሲደመር 142805፣ አሁንም 142857። 365 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚቀር በ1 እንደተባዛ ተቆጠረ። ቁጥሩ ራሱም ለ7 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ በራሱ አባዙትና 20408122449ን እንዲሁ ቆርጣችሁ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ 3፣ 6 እና 9 የት ሄዱ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ከላይ በሠራነው ማካፈል የደረሰው አሃዝ ሁሉ፣ አብሮት የቀረው ቀሪ በ7 ሲባዛ የሚመጣው የአንድ ቤት አሃዝ ነው። ቀሪው 3 ሲሆን 21፣ የደረሰው 1። ቀሪው 2 ሲሆን 14፣ የደረሰው 4። ቀሪ ከ6 ስለማያልፍ ከ42 በላይ አንሄድም። 9፣ 6 እና 3 ያሉት 49፣ 56 እና 63 ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የተደበቀ መልእክት አለው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ የለውም። በአሥር ስለምንቆጥር የመጣ ነው። ኮምፒዩተር እንደሚያደርገው በ0 እና በ1 ብቻ ብንጽፈው አንድ ሰባተኛ 0.001001001… ነው፤ ሦስት አሃዝ ብቻ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ሌላ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ?

መልስ፦ አንድ አሥራ ሰባተኛ 0588235294117647ን ይሰጣል፤ ፊት ያለው ዜሮ ካልተጣለ ከ1 እስከ 16 ባሉት ሁሉ ሲባዛ ይሽከረከራል። 19፣ 23 እና 29ም እንደዚሁ ናቸው። 13 ግን አይሆንም፤ ዙሩ 6 ላይ ያበቃል። እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈሉ) ማለቂያ የላቸውም የሚለውን ግምት የሒሳብ ሊቁ ኤሚል አርቲን በ1927 አቅርቦታል። በሌላ ገና ባልተረጋገጠ ግምት ላይ ሳይደገፍ ያረጋገጠው እስካሁን የለም።