ከልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ልጆች አእምሮ ጤና ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። የሚበዛው የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። አዲስ አበባ ዳር ላይ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል፣ በልጆች አእምሮ ጤና ላይ በሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከማውቀው ልመልስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የልጆቹን ነገር ስጠቅስም ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

«ዘንድሮ በሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ። አንድ የሕፃናት አእምሮ ጤና ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ምንድን ነው?» (ከአቃቂ)

እንኳን ደስ አለሽ! ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠሽ ታካሚ የምትጠብቂበት ሥራ እንዳይመስልሽ። ጠዋት ምንጣፍ ላይ ነሽ። የስድስት ዓመት ልጅ «ምን ይሰማሻል?» ብትባል ዝም ነው የምትለው። እቃ እቃ ግን ትጫወታለች። ቆርኪው ድስት ይሆናል፣ ካርቶኑ ቤት፣ ጨርቁ ልጅ። አንዷ በመጣች ቁጥር ጨርቋን ጠቅልላ ካርቶኑ ሥር ትደብቃት ነበር። ማንም ምንም አላላትም፤ አብሯት መጫወት ብቻ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷ «አባዬ ሲገባ እንዳያገኛት» አለች። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልጅቷ ይህን የተናገረችው በየሳምንቱ ያችው ሠራተኛ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ስለጠበቀቻት ነው። ሰው ቢቀያየርባት ኖሮ አትናገርም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነሽ። ይህን ትምህርት ቤት አይነግሩሽም፤ የሥራው ትልቁ ክፍል ግን እሱ ነው። ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦችን አስቢ። ወላጅ የሚያስበው ስለ ታክሲው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሥራው ርቀት ነው። ልጁ ግን ጓደኞቹን፣ ትምህርት ቤቱንና ጎረቤት ያሉትን አያቱን ባንድ ጊዜ አጥቷል። ስምንት ዓመት ሞልቶት ትቶት የነበረውን ሽንት አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል። እናት «ጠግቦ ነው» ብላ ትገርፈዋለች፣ እሱም ይብስበታል። አንቺ ቡና እየጠጣሽ፣ ሳትቆጪ፣ ሳታሳፍሪያት፣ ልጁ ሆን ብሎ እንዳልሆነ ታስረጃታለሽ። መጀመሪያ የጤና ባለሙያ እንዲያየው ማድረግም አለ፣ ምክንያቱ የሰውነት ሕመም ሊሆን ይችላላ። ከዚያ መምህሩን ታናግሪያለሽ። ማታ ላይ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። ሪፖርቱ ብዙ ነው፣ ገንዘብ የሚሰጠው ዶነር ይፈልገዋል።

ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ትልካላችሁ። አማኑኤል ሆስፒታል ያለው መርካቶ አካባቢ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ልጅ ይዞ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ ቀን ይጨርሳል። የሪፈራል ወረቀት ሰጥተሽ ብትተዪ ብዙዎቹ አይደርሱም። አብረሽ መሄድ፣ ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ ማግኘትና በማግስቱ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ነገር አንቺም ጠይቂ፦ «ከባድ ኬዝ ሲገጥመኝ የማማክረው ማንን ነው? በየስንት ጊዜው?» ጥርት ያለ መልስ ከሌላቸው ቆም ብለሽ አስቢበት።

«ልጄ እንዲህ ዓይነት ቦታ ትሠራለች። ማታ ስትገባ ወሬ የላትም። ጎረቤት ‹ሕመሙ ይጋባል› ይለኛል። ሥራውን ትተው?» (አባት፣ ከሰበታ)

አባቴ፣ አይጋባም። እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር የለውም። ለጎረቤትም ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ልጅ ቤት ተዘግቶበታል።

የልጅዎ ዝምታ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። የሰማችውን ለማንም መናገር አትችልም፣ ለእርስዎም ጭምር። ስትገባ «ምን ሰማሽ?» አይበሏት። እራት አብረው ይብሉ፣ ስለ ሌላ ነገር ያጫውቷት። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ሥራ መሄድ እየፈራች ሳምንታት ከቆየች ግን ለአለቃዋ ትናገርና እረፍት ትውሰድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣታል። በዚህ ሥራ ያሉ ልጆች «ልጆቹን ማን ያያቸዋል?» እያሉ ፈቃዳቸውን ያስተላልፋሉ። እባክዎ እንዳታስተላልፍ ይምከሯት። እኛ የምንፈልጋት ዘንድሮ ብቻ አይደለም።

«ኮንትራቴ የፕሮጀክት ነው። ሲያልቅስ?» (ከለገጣፎ)

ስጋትህ ትክክል ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ስንቱ የኤንጂኦ ሠራተኛ በአንዴ ቤቱ እንደገባ አይተናል። ኮንትራትህን አንብብ፤ የጡረታ መዋጮ እየተከፈለልህ መሆኑንም አረጋግጥ፣ ካንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ከሁሉም በላይ መጨረሻው ቀን እስኪደርስ አትጠብቅ። ልጆቹ ቀድመው ይወቁ፤ ማን እንደሚረከባቸው በዓይናቸው ይዩ። ድንገት መጥፋትህ ለእነሱ ሌላ ጉዳት ነው።

«የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አለን። እናቱ መድኃኒቱን አቋርጣ ፀበል ወሰደችው። እንዴት ላናግራት?» (ሶሻል ወርከር፣ ከቡራዩ)

«ፀበሉን ተዪ» እንዳትላት። እንዲህ ካልካት ተመልሳ አትመጣም። መጀመሪያ ለምን እንዳቋረጠች ጠይቃት። አንዳንዷ «ያስተኛብኛል» ትላለች፣ አንዳንዷ መድኃኒቱን ፋርማሲ አጥታው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ብቻ ነው፦ ፀበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ጠዋት የሚወሰደው ኪኒን ይቀራል። ይሄ መፍትሔ አለው። ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ የጻፈላትን ባለሙያ አብራችሁ አናግሩ።

የመድኃኒቱን በድንገት መቋረጥ አደጋ ግን ሳትሸፋፍን ንገራት። ከበፊቱ የባሰ፣ ቶሎ የማይቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ዛሬውኑ ደውልላት።

ካህኑንም አነጋግራቸው፣ በአክብሮት። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ መድኃኒቱም ፀበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ይህን የሚያውቁ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ከአንተ ይልቅ እሳቸው «መድኃኒትሽን አታቋርጪ» ቢሏት ትሰማለች። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ሼኩ ዘንድ ሂድ።

ደግሞ ለእናትየዋም፣ ለጎረቤትም፣ ለመምህሩም አሳያቸው፦ ልጁ ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም። አፉ ውስጥም ማንኪያ አይከተት። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም። በአፍ ከመንገር መሬት ላይ ተኝተህ አሳያቸው፤ ያኔ ነው የሚይዙት።

«እኔና ጓደኞቼ ለበዓል ስጦታ ይዘን ሄደን፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ እንነሳ ብንል ድርጅቱ እምቢ አለን። ለምን?» (ከአያት)

ደግ ልብ እንዳላችሁ ይታየኛል፤ ድርጅቱ ግን ልክ ነው። ያ ልጅ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የክፍሉ ልጆች ያዩታል፣ ነገ የሚወጣለት ስም አብሮት ያድጋል። አንድ ቀን ስሞ አቅፎ የሚጠፋ እንግዳም ደስታው አጭር ነው። ልጆቹ «መቼ ይመለሳሉ?» እያሉ ሠራተኞቹን ይጠይቃሉ።

የስጦታውን ብር ሆስፒታል ለሚመላለሱ እናቶች የታክሲ አድርጉት። ሂሳብ የምታውቁ ካላችሁ ሂሳብ አግዟቸው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ ስለማይችል፣ ቢሮው ሁሌም ሰው ያጥረዋል። ከልጆቹ ጋር መሆን የግድ ከፈለጋችሁ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይቀር መጥቶ ሥዕል ያስተምር። ለአስተባባሪዋ ስሙን ስጡ፤ ከመጀመሩ በፊት የልጆች ጥበቃ ደንቡን አንብቦ ይፈርማል።