ከጣሪያ ላይ ብቅ ያለው ቱቦ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከመለስኳቸው ጥያቄዎች አራቱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት ከጣሪያ ላይ ብቅ ብሎ በሚታየው የፍሳሽ መስመር አየር ማስወጫ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ጣሪያውን በስቶ በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ከታች ዝርግ ብረት ወይም ፕላስቲክ፣ ከላይ የጎማ አንገትጌ ያለው ዕቃ አለ። የአሜሪካ ጣሪያ ሠሪዎች «ቡት» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

«የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ወጣ። ጣሪያው ከተሠራ 11 ዓመቱ ነው። ያየው ባለሙያ በሙሉ ይቀየር አለን።» (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። የአስፋልት ሺንግል፣ ማለትም ጣሪያ ላይ እየተደራረበ የሚቸነከረው ሬንጅ የጠጣ ንጣፍ፣ በደህናው ጊዜ 20 ዓመት ያገለግላል፤ የቡቱን ጎማ ግን ፀሐይ እየበላችው ብዙውን ጊዜ በ10 ዓመት ገደማ ይሰነጠቃል። በእርስዎ ቤት ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ዝናብ ሲዘንብ የባትሪ መብራት ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ይውጡ። የሚረግጡት እንጨቶቹን ብቻ ይሁን፤ በመካከላቸው ያለው ጂፕሰም ሰው አይሸከምም። ቱቦውን ከጣሪያው ሥር ጀምረው ወደ ታች በእጅዎ ይዳስሱት። እርጥብ ከሆነ ወይም ዙሪያው ያለው ጣውላ ከጠቆረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ውሃ እንጨት ለእንጨት ተንሸራትቶ ርቆ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ ከእድፉ ትክክል በላይ ያለውን ቦታ ብቻ አይተው አይውረዱ። ቱቦው ደረቅ ሆኖ እድፉ ዝናብ በሌለበት፣ በብርዱ ወራት የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ቬንትሌተር እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን እዚያው ከኮርኒሱ በላይ እየተፋው እንደሆነ ይመልከቱ። ጣውላው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከቡት ያልፋል።

«ስንጥቁን በሲልከን ብሞላውስ?» (ዳላስ)

እኔም አንድ ቅዳሜ ወጥቼ ለቅልቄ ወርጃለሁ። ሲያዩት ያምር ነበር። በዓመቱ ጎማው ከለቀለቅሁት አጠገብ ተሰነጠቀ። የደረቀ ጎማ አንድ ቦታ ሲይዙት በሌላው ይከፈታል፤ ሲልከን ደግሞ በአስፋልት ሺንግል ላይ አጥብቆ አይይዝም። የቡቱ ዝርግ ደህና ከሆነና የተበላው ጎማው ብቻ ከሆነ፣ ከቱቦው ጫፍ ተሰክቶ ወደ ታች የሚንሸራተት የጥገና አንገትጌ ይሸጣል፤ እሱን በአሮጌው ላይ ይደርቡት። ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ «3 ኢንች» የሚባለው የፒቪሲ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 3 ተኩል ኢንች ነው። በሜትር ለክተው ሄደው 4 ኢንች ገዝተው የተመለሱ አውቃለሁ።

«ሙሉ ቡቱን ራሴ መቀየር እችላለሁ?» (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጣሪያው ገደላማ ካልሆነና መሰላሉን የሚይዝልዎ ሰው ካለ ይችላሉ። ሺንግሉ በሙቀት ሳይለሰልስ ጠዋት ይጀምሩ፤ በከባድ ብርድ ግን ይሰበራልና አይንኩት። ከቱቦው በላይና በጎን ያሉትን ሺንግሎች በጠፍጣፋ ብረት ቀስ አድርገው ያላቅቁ፣ ሚስማሮቹን ይንቀሉ፣ አሮጌውን ያውጡ። ዋናው ነገር አዲሱ የሚደረብበት አኳኋን ነው፦ የዝርጉ የላይኛው ክፍል ከሺንግሉ ሥር ይገባል፣ የታችኛው ጠርዝ ከሺንግሉ በላይ ይውላል። ሁሉንም ከሥር ከከተቱት ውሃውን ወደ ቤት ጋበዙት ማለት ነው። ተጋልጦ የሚቀር የሚስማር ራስ ካለ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሸፍኑት።

«ቱቦውን ከነጭራሹ ብደፍነውስ?» (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

አይሆንም። አየር ካላገኘ፣ ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ በሲፎኖቹ፣ ማለትም ከመታጠቢያዎቹ ሥር ባሉት ጎበጥ ያሉ ቱቦዎች፣ ውስጥ ያለው ውሃ ተስቦ ይሄዳል፤ ሽታውን ከቤት ያገደው ያ ውሃ ነበር።

«ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። በመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ዙሪያ በየዓመቱ ሲሚንቶ እናስለስናለን፤ ክረምት ሲገባ ያፈሳል።» (አዲስ አበባ)

ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይላቀቃል፤ ሬንጅም ውሎ አድሮ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለቆርቆሮ ተብሎ የሚሠራ፣ ጠርዙ በእጅ የሚታጠፍ አሉሚኒየም የሆነ የጎማ ቡት አለ። ጎማው ቱቦውን ጨብጦ እንዲይዝ ቀዳዳው ከቱቦው ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጠርዙ የቆርቆሮውን ሞገድ ተከትሎ ይጫናል፤ ከሥሩ ማሸጊያ ተቀብቶ ባለ ጎማ ቀለበት ብሎን ይታሰራል። አራት ማዕዘን ከሆነ አንዱን ማዕዘን ወደ ጣሪያው አናት ያዙሩት፤ የሚወርደው ውሃ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል። ካላገኙት ቆርቆሮ ሠሪ ከላሜራ እንዲሠራልዎ ያድርጉ፤ የላሜራው የላይኛው ጫፍ ግን ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት። ሥራውን ከግንቦት አያሳልፉት። ከሁሉ አስቀድመው የቆየውን ሲሚንቶ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ፍቀው ያንሱት፤ ከሥሩ ዝገቱ በስቶት ካገኙት ቆርቆሮውንም ይቀይሩት።