ጠላው ለምን ኮመጠጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ለአብሮ አደጎቼ ጠላ ጠምቄ ጋኑን በከፈትን በሦስተኛው ቀን ኮምጣጤ ሆነብኝ። ጌሾ አንሶት ይሆን? ደግሞስ ከጠላ ጋር የማን ዘፈን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ጌሾ ሲያንስም ቶሎ ይበላሻል፤ እኔ ግን የምጠረጥረው ክዳንህን ነው። አየር ሲገባ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይቀየራል። ጋኑን በወይራ በደንብ እጠን፣ አፉን በጭቃ ምረግ፣ አንዴ ከከፈትከው ደግሞ ሳይቆይ ጨርሱት።

ይህን ያወቅሁት በሌብነት ነው። ልጆች ሳለን አያቴ ጓዳ ገብተን፣ ምርጊቱን በጥፍራችን ፈልፍለን፣ በመቃ እየመጠጥን፣ የጎደለውን በውሃ ሞልተን፣ ጭቃውን በምራቅ አርሰን መልሰን እንለጥፈው ነበር። ለማኅበርተኞቹ ሲቀዳ ኮምጥጦ ተገኘ! አያቴ ጌሾ የሸጠላትን ሰው ስትረግም እኛ አጥር ስር ተደብቀን እንስቃለን። ምስኪን ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ ስሙን አላጠራንለትም።

ዘፈን? ማሲንቆ ያለበት ሁሉ ይሆናል። እኔ ግን የይሁኔ በላይ ካሴት ካልተከፈተ ጠላው አይወርድልኝም። ትከሻዬም አይነሳም።