አጭሩ መርዙ ነው ምርመራው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ባህር ዳር የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የሪሰርቼን ርዕስ በአማርኛ «የፈንጂ ኬሚካል የአጭር ጊዜ መርዛማነት በላብራቶሪ አይጦች ላይ» ብዬ ጻፍኩት፣ እናቴ አነበበችውና «መርዙ ቶሎ የሚለቅ ነው እንዴ?» አለችኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናት፣ የጻፍሽውን ነው ያነበበችው። «የአጭር ጊዜ» ያልሽው ተከትሎት የመጣውን ስም ይይዛል፣ አንቺ ደግሞ መርዛማነትን ነው ያስከተልሽው፣ በቃ አጭሩ መርዙ ሆነ። አጭሩ ግን አይጦቹ ኬሚካሉን የሚወስዱበት ጊዜ ነው፣ 14 ቀን ወይ 28 ቀን፣ ጉዳቱማ ከዛ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ ያለው «የ» ላይ ነው። «የእባብ መርዝ» ስንል መርዙ ከእባቡ የሚወጣ ነው፣ «የአይጥ መርዝ» ስንል ግን አይጧ የምትሞትበት ነው፣ ያቺው «የ» እኮ ናት! ሱቅ ሄደሽ የአይጥ መርዝ ስጡኝ ብትይ ማንም አይሳሳትም ምክንያቱም ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያንቺን ኬሚካል ግን እናትሽ አታውቀውም፣ ስለዚህ «የ» ብቻውን አይነግራትም። «የፈንጂ ኬሚካል»ም እንደዛው ነው፣ ቲኤንቲ ከሆነ ራሱ የሚፈነዳው እሱ ነው፣ ዲኤንቲ ከሆነ ግን ቲኤንቲ ሲሰራ መሀል ላይ የሚገኝ ነው፣ ስሙን ጥሪውና ገላግይን።

እኔ የምልሽ «መርዛማነት» በሚለው ስም ፋንታ ግሱን መልሺው ነው። ጣና ዳር ስለ ብርብራ ዛፍ «ብርብራ አሳ ያሰክራል» ሲባል ማን ማንን ምን እንዳደረገ በ3 ቃል አለቀ፣ «የብርብራ መርዛማነት በአሳ ላይ» ብትይው ግን ሞተ ነው ሰከረ ነው አይታወቅም። ቲኤንቲ አይጦቹን ደም ያሳንሳቸዋል፣ ጣፊያቸውን ያሳብጠዋል፣ አርዲኤክስ የሚባለው ሌላ ፈንጂ ደግሞ ያንፈራግጣቸዋል፣ እነዚህ ሁሉ «መርዛማነት» ውስጥ ገብተው ሲደበቁ ያሳዝነኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥተሽ ከሆነ የተከታተልሽው ደግሞ «የአጭር ጊዜ»ንም ተይው፣ አጣዳፊ የሚል ቃል አለን፣ አተት ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት አይደል። ወራት ለሚቆየው ስር የሰደደ እንላለን።

አይጥን በተመለከተ አማርኛ ትልቋንም ትንሿንም አይጥ ነው የሚላት፣ ትልቋን አይጠ መጎጥ የሚል አለ ግን የቤቷንና የቦዩዋን ነው የሚያስታውሰኝ፣ ነጭ አይጥ በያትና ሳይንሳዊ ስሟ ራተስ ኖርቬጂከስ መሆኑን ውስጥ ላይ አንዴ ጻፊ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ኬሚካሉን በምግብ ነው የሰጠሻቸው ወይስ በቱቦ ጉሮሯቸው ውስጥ? በምግብ ከሆነ «የበሉ» ነው፣ በቱቦ ከሆነ ግን «የተጋቱ» በይ፣ ህጻን ቅቤ ሲጋት ያየች እናት ወዲያው ይገባታል። እንግዲህ ለምሳሌ ዲኤንቲ ለ14 ቀን በቱቦ ሰጥተሽ ከሆነ ርዕሱ እንዲህ ይሁን፦ «ለ14 ቀን ዲኤንቲ የተጋቱ ነጭ አይጦች ላይ የደረሰ ጉዳት»። ለእናትሽ አንብቢላትና ምን እንዳለች ጻፊልኝ።