የአኦርታ ቀለበት ምላሽ በየትኛው ሶፍትዌር ይለካ?

እህቴ፣ የተክል ጭማቂ የአይጠ መጎጥ አኦርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር) ምን ያህል እንደሚያላላ በምን ሶፍትዌር ልለካ፣ ለፈቃድ የሚከፈል ገንዘብም የለንም ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጎንደር በኦርጋን ባዝ (የደም ሥር ቁራጭ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ተሰቅሎ ኃይሉ በሚለካበት መሣሪያ) ሥራ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ብዙዎች ኢሜጅጄን ወይም ቫሶትራከርን ይመክሩሻል። ሁለቱም ነፃና ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን የሚጠቅሙት የደም ሥርን ስፋት ከምስል ለመለካት ነው። በመንጠቆ የተሰቀለ የአኦርታ ቀለበት የሚሰጥሽ ኃይልን ስለሆነ ለአንቺ አይሆኑም። ቀረጻውን ከመሣሪያችሁ ጋር በመጣው ሶፍትዌር አድርጊው፤ አሮጌ መሆኑ አያሳስብሽ። ምላሹ ዝግ ያለ ስለሆነ በሰከንድ 10 ንባብ እንኳን ይበቃል። ከዚያ ቁጥሮቹን በጽሑፍ ፋይል አውጥተሽ አር (R) በተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተንትኚ፤ የመጠንና የምላሽ ኩርባውን ዲአርሲ (drc) የተባለው የአር ጥቅል ያወጣልሻል። ላብቻርት በተባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር የተሠራ ፋይል ከደረሰሽም ላብቻርት ሪደር ያለ ክፍያ ይከፍተዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ስሌቱ ነው። መነሻው ውጥረት 1 ግራም፣ የደም ሥርን በሚያኮማትረው መድኃኒት በፌኒሌፍሪን ሲኮማተር 1.8፣ ጭማቂው ሲገባ 1.2 ቢሆን፣ መላላቱ 75 በመቶ ነው፦ 0.6 ለ0.8 ሲካፈል። መነሻውን ሳትቀንሺ 0.6ን ለ1.8 ካካፈልሽ 33 በመቶ ይመጣል። ሶፍትዌሩ የትኛውንም ያለ ተቃውሞ ያሰላል፤ ስለዚህ መነሻውን ራስሽ በየቀለበቱ ምልክት አድርጊበት። ከሥራ በፊትም የታወቀ ክብደት ሰቅለሽ ንባቡን አረጋግጪ፤ የ1 ግራም ኃይል 9.81 ሚሊኒውተን ነው።

የደም ሥሩ የውስጠኛው ሽፋን (ኢንዶቴሊየም) መኖሩን፣ ሽፋኑ ሲኖር የደም ሥሩን በሚያላላው አሴቲልኮሊን ሳትፈትሺ ጭማቂው እንዴት እንደሚሠራ ምንም አትደምድሚ። ተመራማሪዎቹ ፈርችጎትና ዛዋድስኪ በ1980 እንዳሳዩት፣ ሽፋኑ የተፋቀ ቀለበት ለአሴቲልኮሊን አይላላም።

የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀረጻውን ቢቀጥልም የውኃው ማሞቂያ ስለሚቆም ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ይወርዳል፤ የሚቀረጸው የውጥረት መስመርም መላላት መስሎ ሊታይ ይችላል። መብራት የጠፋበትን ደቂቃ በፋይሉ ላይ ጻፊ፣ ያንን ክፍል ከትንተና አውጪ። ጭማቂውን ያሟሟሽበት ፈሳሽ ብቻ የሚገባበት አንድ ቀለበትም ጎን ለጎን ይኑርሽ፤ ውጥረቱ በጊዜ ብዛት በራሱ ሊወርድ ስለሚችል፣ ያለዚህ ቀለበት የጭማቂውን ድርሻ መለየት አይቻልም።